ባዶዋ ክዳን

እንደምን አመሻችሁ?

ከኋላ ያላችሁም እንድታዩ ይህችን ሳጥን ከፍ ላድርጋት። የሠራት ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው፣ የዳላሱ። ዳላስ ዘመድ የሌለው ካለ እጁን ያውጣ! በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ቲአይ-99/4ኤ የሚባል የቤት ኮምፒውተር ነበር። ይህች ሳጥን ቀኝ ጎኑ ላይ ስትሰካ ኮምፒውተሩ አፍ ያወጣል።

አናቷ ላይ ክዳን አላት። ልክፈተው። ውስጡ ምን አለ? ምንም። ስገዛት ዕቃ የጎደለባት መስሎኝ ከሻጩ ጋር ልጣላ ምንም አልቀረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኗ በሆዷ የያዘችው 373 ቃላትና ሐረጎች ነው። ኩባንያው ተጨማሪ ቃላት የያዙ ትንንሽ ካሴቶች ሊሸጥ አስቦ ነበር፤ የጌም ካሴት እንደምንለው ዓይነት። ክዳኗ የእነሱ በር ናት። ካሴቶቹ ግን ገበያ ሳያዩ ቀሩ።

ለምን እንደቀሩ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ እኔን ያሳበደኝን ልንገራችሁ። የሳጥኗ የማስታወሻ ቋት 32 ኪሎባይት ነው፤ 32 ሺህ ባይት ያህል። ድምፅ እንዳለ ቢቀዳና በሰከንድ 8,000 ባይት ቢፈጅ፣ የምትይዘው 4 ሰከንድ ያህል ነው። «እንደምን አመሻችሁ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ» ስትሉ አለቀ። መሐንዲሶቹ ታዲያ ድምፁን ትተው አፉን ቀዱ። ሳጥኗ ውስጥ ባለው የንግግር ቺፕ የሳንባን ትንፋሽ የሚተካ የኤሌክትሪክ ምልክት አለ። ያንን ምልክት እንደ ጉሮሮና እንደ ምላስ የሚቀርጽ ማጣሪያም አለ። የተቀመጠው ማጣሪያው በሰከንድ 40 ጊዜ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው። ሲናገር ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል፤ ግን ይሰማል።

ወደ ካሴቶቹ ልመለስ። የገደላቸው ሌላ ካሴት ነው፣ ተርሚናል ኢሙሌተር 2 የሚባል። ዋና ሥራው ኮምፒውተሩን በስልክ መስመር ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነበር። ግን ሳጥኗ ከተሰካች፣ የጻፋችሁለትን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ ከትንንሽ ድምፆች እየገጣጠመ ያነባል። የፈለጉትን የሚል ከተገኘ ማን ቃል በችርቻሮ ይገዛል?

እኔ ግን ያሳዝነኛል። 373ቱ ከሰው አንደበት የተወሰዱ ናቸው፤ ጉንፋኑ እንዳለ ሆኖ ለዛ አላቸው። የተገጣጠመው ንግግር ደረቅ ነው። ኩባንያውም በኦክቶበር 1983 ከቤት ኮምፒውተር ገበያ ጨርሶ ወጣ፤ ክዳኗ ባዶዋን ቀረች።

ባለፈው ቅዳሜ በላቲን ፊደል «ቡና ጠጡ» ብዬ ጻፍኩለት። እንግሊዝኛ ጠ የለው፣ «ቡና ተቱ» አለኝ። ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ የእኛ ልጅ በሉት።

እስቲ ላብራውና ራሱ ይጋብዛችሁ።