ለድሬዳዋ ሙቀት የሚሆን የልጅ ቀሚስ በኪሮሽ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ነጭ የጥጥ ቀሚስ]

በየቤታችን የሶፋ ልብስ፣ የትራስ ጠርዝና የጠረጴዛ ዳንቴል የሚሠሩ ባለሙያ እጆች አሉ። እነዚህ እጆች የሁለት ዓመት ልጅ ቀሚስ ለመሥራት የሚቸግራቸው ልኬቱ ብቻ ነው። የሶፋ ልብስ ትንሽ ቢሰፋ ማንም ልብ አይለውም፤ ቀሚስ ግን አንገት፣ ብብትና ደረት አለው። ዛሬ ከአንገት ጀምረን ወደ ታች እየወረድን አንድ ቀሚስ እንሠራለን።

ከክሩ እንነሳ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ለሐረር ምሽት የሚመች ክር በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ስትሮጥ ለምትውል ልጅ ጭንቅ ነው። በርካሽ የሚሸጠው ለስላሳ የሹራብ ክር አብዛኛው አክሪሊክ ስለሆነ ላብ አይመጥም፤ ጥጥ ግን ላቡን ይመጥና አየር ያሳልፋል። ስለዚህ ለድሬዳዋ ልጅ ከጥጥ ሌላ አልመክርም።

[ምስል፦ የክር ጫፍ በክብሪት ሲለኮስ፣ በቅርብ]

ቀፊራ ገበያ ስትገዙ ጥርጣሬ ካደረባችሁ፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ቁራጭ ክር ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ጥጡን ካገኛችሁ የሚበቃችሁን በአንድ ቀን ግዙ። በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ቀለሙ በጥቂቱ ስለሚለይ፣ ልዩነቱ ወገቡ ላይ እንደ መስመር ይታያል።

አሁን መርፌውን እንያዝ፤ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የምንጠቀመው ረጅሙን ስፌት ነው። ክሩን መርፌው ላይ አንዴ ጠምጥሙ፤ መርፌውን አስገብታችሁ ክር ሳቡ፤ መርፌው ላይ ሦስት ቀለበት ይኖራል። ክር ስባችሁ በሁለቱ ውስጥ አሳልፉ፤ ደግማችሁ ስባችሁ በቀሩት ሁለት ውስጥ አሳልፉ።

ቀሚሱን ከመጀመራችሁ በፊት 12 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ሥሩ፤ እጠቡት፤ አድርቁት። ጥጥ ስለሚሰበሰብ ያልታጠበ ናሙና ያሳስታል። ከዚያ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ በመካከሉ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ስፌት እንዳለ ቁጠሩ። የዛሬው ቀሚስ 22 ስፌትና 11 መስመር ይፈልጋል። የደረቱ ዙሪያ 124 ስፌት ስለሆነ በዚህ ልክ 56 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ደረቷ 51 ለሆነ ልጅ 5 ሴንቲ ሜትር መፈናፈኛ ይተውላታል። የእናንተ ናሙና 20 ስፌት ብቻ ቢያወጣ ያው ቀሚስ 62 ይሆንና ከትከሻዋ ይንሸራተታል። መርፌውን በግማሽ ሚሊ ሜትር አሳንሳችሁ እንደገና ሞክሩ። እኩለ ቀን ላይ እጅ ሲያልበው ክሩ ስለሚያዝና ስፌቱ ስለሚጠብቅ፣ ናሙናውንም ቀሚሱንም ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ብትሠሩ ልኩ አይዛባም።

[ምስል፦ የአንገቱ መስመር፣ አራቱ ማዕዘኖች በቀይ ክር ምልክት ተደርጎባቸው]

ለአንገቱ 74 ሰንሰለት ሥሩ። ከመርፌው አራተኛው ላይ ጀምሩ፤ የተዘለሉት ሦስቱ እንደ አንድ ስፌት ስለሚቆጠሩ 72 ስፌት ታገኛላችሁ። ክፍፍሉ 12 ለግራ ጀርባ፣ 12 ለክንድ፣ 24 ለፊት፣ 12 ለክንድ፣ 12 ለቀኝ ጀርባ ነው። ከክፍል ወደ ክፍል ስትሻገሩ አንድ ሰንሰለት አስገቡ፤ አራት ማዕዘን የሚወጣው ከዚያ ነው። በዙር አትዝጉት። አንገቱ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የልጅቷ ራስ ግን 48 ገደማ ስለሆነ ጀርባው ካልተከፈተ አይገባም። እየዞራችሁ ወዲያና ወዲህ ሥሩ።

ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ማዕዘኑ ስትደርሱ በሰንሰለቱ ቀዳዳ ውስጥ አንድ ረጅም ስፌት፣ አንድ ሰንሰለት፣ አንድ ረጅም ስፌት አስገቡ። በየመስመሩ ስምንት ስፌት ይጨምራል፤ ትከሻው ያለ ምንም መቀስ ቅርጹን ይይዛል። እኔ ይህን አሠራር ከሁሉም የምወደው ቀሚሱን በየደረጃው ልጅቷ ላይ ለክቶ ማየት ስለሚያስችል ነው። 14ኛው መስመር ሲያልቅ ፊቱ 50፣ እያንዳንዱ ክንድ 38፣ እያንዳንዱ የጀርባ ግማሽ 25 ይሆናል። ቁጥሩ ካልመጣ የጠፋው ማዕዘን ላይ ነው፤ እዚያ ፈልጉት።

አሁን ክንዶቹን ሳትሠሩ ዝለሏቸው፤ በየብብቱ 12 ሰንሰለት ሥሩና ፊትና ጀርባውን በዙር ግጠሙ። 124 ስፌት። ሦስት ዙር ቀጥ አድርጋችሁ ሂዱ፤ ቀጥሎ ባለው ዙር በየሁለተኛው ስፌት ላይ ሁለት ሁለት ሥሩ፤ 186 ይሆንና ጉርዱ ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ጉልበቷ እስኪደርስ መዞር ብቻ ነው።

ጠርዙ ቀላል ነው፦ ሁለት ዝለሉ፣ አንዱ ላይ አምስት ረጅም ስፌት፣ ሁለት ዝለሉ፣ አንድ አጭር ስፌት (መርፌው ላይ ክር ሳይጠመጠም የሚሠራው)። 186 ለ6 ስለሚካፈል 31 ቅጠል በትክክል ይወጣል።

ለጀርባው ጠፍጣፋ ቁልፍ ምረጡ፤ ሐረር ከሆናችሁ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ጠይቁ። ይህች ዕድሜ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፍ የምትከትበት ስለሆነ ቁልፉን በጠንካራ ክር ደጋግማችሁ ስፉት። አንገት ላይ ማሰሪያ ገመድ ፈጽሞ አታድርጉ። ገበር ካስፈለገም ስስ ጥጥ ይሁን፤ ፖሊስተር ገበር የክሩን ጥቅም ያጠፋዋል።

[ምስል፦ ጥላ ውስጥ ፎጣ ላይ የተዘረጋ እርጥብ ቀሚስ]

ስታጥቡት አትጠምዝዙት፤ ገመድ ላይም አትስቀሉት። እርጥብ ጥጥ ከባድ ስለሆነ ጉርዱን ወደ ታች ይጎትተዋል። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ቀለም ያደበዝዛል። የተረፈውን ክር ከቀሚሱ ጋር አብራችሁ እጠቡና አስቀምጡ። በሚቀጥለው ዓመት ልጅቷ ስታድግ ጠርዙን ፈትታችሁ ጥቂት ዙሮች ትጨምሩበታላችሁ፤ አብሮ የታጠበ ክር ከቀሚሱ ጋር እኩል ስለሚደበዝዝ ቅጥያው አይታወቅም።