ሞንቲ ፓይተን ለምን አያልቅም?

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ናችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የሞንቲ ፓይተን ቀን ነው! አዎ፣ «ኧረ ሥራው» እያላችሁ ስትወተውቱኝ የከረማችሁት የእንግሊዞቹ የቴሌቪዥን ኮሜዲ፣ ሞንቲ ፓይተን።

በዚህ ፕሮግራም ላይ መሃል ሰፋሪ የለም። አንዱ «እንዲህ ስቄ አላውቅም» ይላል። ሌላው አሥር ደቂቃ እንኳ ሳያይ «ምንድነው ይሄ?» ብሎ ያጠፋዋል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ ቀልዶቹ አያልቁም። ይጀመራሉ፣ ይሞቃሉ፣ ከዚያ ቁርጥ! ወደ ሌላ። የሚወደውም የሚጠላውም የሚያነሣው ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ የፕሮግራሙ ትልቁ ፈጠራ ይኸው ነው እላለሁ። አለማለቁ!

እስቲ ተረት አስቡ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እንላለን። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይመጣል። ጆሯችን ይህን መዝጊያ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ይጠብቀዋል፣ አይደል? እንግዲህ ጅቡ አህያዋን ሊበላ አፉን ከፈተ። ተራኪዋ እዚያ ላይ ቆም አለችና «በቃ፣ ይሄ ተረት አልጣመኝም» ብላ ተነሥታ ሄደች። አህያዋስ? ጅቡስ? መልስ የለም። ሌላ ተራኪ መጥታ የጦጣ ተረት ጀመረች። እናንተ ገና «ኧረ አህያዋ!» እያላችሁ ነው። ጦጣዋ ዛፍ ላይ ስትወጣ ያ ጅብ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጧል። አፉን እንደከፈተ!

አሁን በማን ነው የምትስቁት? በጦጣዋ? በጅቡ? በጠበቃችሁት ነገር ነው የምትስቁት። መዝጊያውን የለመደ ጆሮ ስላላችሁ ነው መዝጊያው ሲቀር ሳቅ የሚመጣው። ሳቁ ያልመጣለት ሰው ደግሞ ይናደዳል፤ እውነቱን ነው፣ ተስፋ ተሰጥቶት ተነጥቋል።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ። ፕሮግራሙ በቢቢሲ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1969፣ እሑድ ማታ ነው። እስከ 1974 ድረስ 45 ክፍል። ከዚያ በፊት የነበረው አጭር የቴሌቪዥን ኮሜዲ ማሳረጊያ ነበረው፤ የመጨረሻው ቀልድ ይወረወራል፣ ሰው ይስቃል፣ አለቀ። ኮሜዲያኑ ስፓይክ ሚሊጋን በዚያው ዓመት «ኪው 5» በሚባለው ፕሮግራሙ ማሳረጊያውን መጣል ጀመረ። ከሞንቲ ፓይተን ስድስት ሠሪዎች አንዱ ቴሪ ጆንስ ያን አይቶ ነው የነሱ ፕሮግራም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ እንዲፈስ የገፋፋው።

አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ ታውቁታላችሁ። ቀልዱ ሲሞቅ ይተዉታል። ቴሪ ጊሊያም ከአሮጌ ሥዕልና ፎቶ እየቆራረጠ የሠራው አኒሜሽን ይገባና ወደ ሌላ ቀልድ ያሻግራል። በአኒሜሽኑ ውስጥ ከላይ ወርዶ ሁሉን የሚጨፈልቀው ትልቅ እግር እንኳ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ካለው የሠዓሊው ብሮንዚኖ ሥዕል ላይ የተቆረጠ ነው! ካልሆነም ግራሃም ቻፕማን የኮሎኔል ልብስ ለብሶ ይገባና «ይሄ ቂልነት በዛ» ብሎ ያስቆማቸዋል።

ዝነኛውን የበቀቀኗን ቀልድ አታስረሱኝ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ክፍል 8። ጆን ክሊዝ ከግማሽ ሰዓት በፊት የገዛትን በቀቀን ይዞ ሱቁ ይመለሳል፤ ሞታለች። ሻጩ ማይክል ፔሊን «አልሞተችም፣ አርፋ ነው» ይላል። ክሊዝ ባንኮኒውን በወፏ ይደበድባል፤ ሻጩ ወይ ፍንክች! እግሯ በምስማር ተመትቶ ነው የቆመችው። ይህን ሁሉ ታስታውሳላችሁ። መጨረሻውንስ? ክሊዝ ራሱ «ይሄ ነገር ቂልነት እየሆነ ነው፣ አልቀጥልም» ይላል፣ ኮሎኔሉ ገብቶ «ልክ ብለሃል» ይለዋል። ያው! በዓለም ከታወቁት የኮሜዲ ትርኢቶች አንዱ ማሳረጊያ የለውም። ቆርጠው ለብቻው የለጠፉትን ብቻ ያየ ሰው ይህ ያመልጠዋል።

እስካሁን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ እባካችሁ አድርጉ፤ አሁን የምገባበት ነገር ብዙ ያናግረናል።

ሁልጊዜ የምትጽፉልኝ ነገር አለ። «እነዚህ ሰዎች ስክሪፕት የላቸውም፣ ካሜራ ፊት ቆመው የመጣላቸውን ነው የሚሉት» ትላላችሁ። አይደለም! በፍጹም አይደለም! ስድስቱም ከምንም በፊት ጸሐፊዎች ናቸው። ክሊዝና ቻፕማን አብረው ይጽፋሉ። ፔሊንና ጆንስ አብረው ይጽፋሉ። ኤሪክ አይድል ብቻውን። ጊሊያም አኒሜሽኑን። ከዚያ አንድ ላይ ተቀምጠው የጻፉትን ጮክ ብለው ያነቡታል። ጓደኞቻቸው ከሳቁ ይገባል፣ ካልሳቁ ይወድቃል። ማን የትኛውን ይጫወታል የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

በቀቀኗን ራሷን ውሰዱ። መነሻዋ መኪና ነው! ለደንበኛ ምንም ጥፋት የማያምን የመኪና ሰው። በ1968 በሌላ ፕሮግራም በመኪናው ሠርተውታል። ክሊዝና ቻፕማን መልሰው ሲጽፉት መኪናው ቀርቶ በቀቀን ሆነ። «ሞታለች» የሚለውን በስንት ዓይነት አነጋገር እንደሚደረድረው አስተውሉ፤ አንዱ ከሌላው እየከረረ ይወጣል። ይሄ ቃል በቃል ተጽፎ የተጠና ነው። በዘፈቀደ ይመስላል፤ እንዲመስል ነው የተለፋበት።

ካላመናችሁኝ ፍርድ ቤቱን ስሙ። በ1975 የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ሦስት ክፍል፣ 90 ደቂቃ፣ በአንድ ላይ አሳየ። ለማስታወቂያና «ነውር ነው» ላለው ሲል 24 ደቂቃውን ቆርጦ ጣለ! ቡድኑ ከሰሰ። በ1976 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እንዲህ የተቆራረጠውን በነሱ ስም ማሳየት ይጎዳቸዋል ብሎ እግድ ፈቀደላቸው። ዝም ብሎ የተዘባረቀ ነገር ቢሆን ኖሮ 24 ደቂቃ ቢጎድል ማን ያውቅ ነበር? እየተያያዘ የተሰፋ ስለሆነ ነው መቀሱ ያበላሸው።

የሚተቹትንም እሰማለሁ፣ በአንዱ ነጥብ ሙሉ በሙሉ አብሬያቸው ነኝ። የሴት ገጸ ባሕርይ ሲሆን ወንዶቹ ቀሚስ ለብሰው ይጫወታሉ፤ ካሮል ክሊቭላንድን የመሰለች ተዋናይት ይዘው አብዛኛውን ጊዜ ለቁንጅናዋ ብቻ አቆሟት። ጎበዝ ነበረች፣ ከዚህ የተሻለ ይገባት ነበር። አራተኛው ምዕራፍም ክሊዝ ከወጣ በኋላ የተሠራ ነው፣ ስድስት ክፍል ብቻ፤ ለኔ ይጎትታል። እነዚህን የሚል ሰው ቀልድ አይገባውም አትበሉት።

አሁን የቤት ሥራ። ክፍል 8ን ሙሉውን እዩ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳትዘሉ። ኮሎኔሉ የት የት እንደሚገባ ቁጠሩና ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ሚሊጋንን ይዤ እመጣለሁ። ቻው!