ስንጥቁ ወዴት ይታጠፋል?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህ በእጄ የያዝኩት የፕሌክሲግላስ፣ ማለትም የመስታወት መሰል ፕላስቲክ ቁራጭ ነው። መሃሉን በቀጭን መጋዝ ሰያፍ አድርጌ ሰነጠቅኩት። ጫፎቹን በምላጭ አሾልኳቸው። ከዚያ ማሽን ላይ አስሬ ላይና ታች እስኪሰበር ጎተትኩት። ፊት የተቀመጣችሁ ታዩታላችሁ፤ ስብራቱ የመጋዙን መስመር ተከትሎ አልሄደም። ጫፉ ላይ እንደደረሰ ታጥፏል።

ስንጥቅ አፍንጫው ወዳመለከተበት አይሄድም። ጉተታው ይበልጥ በሚከፍተው በኩል ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1963 ተመራማሪዎቹ ፋዚል ኤርዶጋንና ጆርጅ ሲህ አሜሪካ ውስጥ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ይህንኑ በፕሌክሲግላስ ፈተኑት። ሐሳባቸው ቀላል ነው። በጫፉ ዙሪያ ቁሱን ለመቅደድ የሚጎትተው ውጥረት የት ላይ እንደሚበረታ ፈልጉ፤ ስንጥቁ በዚያ ይወጣል። የስንጥቁ ገጾች ሳይከፈቱ እርስ በርስ ቢንሸራተቱ ብቻ፣ መታጠፊያው 70.5 ዲግሪ ይሆናል።

የእኔ ስንጥቅ ከጉተታው ጋር 45 ዲግሪ ነው። ስሌቱ 53 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል ይላል። 45 ቢታጠፍ ኖሮ ጉተታውን ልክ በመስቀለኛ ያቋርጠው ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ትንሽ ያልፍና ቀስ እያለ ይቃናል። ይህቺን ጎበጥ ያለች ቦታ በጣም እወዳታለሁ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የማሽን መከለያ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ አየሁ። «ያጋደለ ነው፣ ግዴለም» ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ ተሰበረ። አጠገቡ ሰው አልነበረም፣ ተመስገን። በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሰፊ ሉህ ላይ፣ እኩል ርዝመት ካለው አግድም ስንጥቅ ጋር ሲነጻጸር፣ የ45 ዲግሪው የሚችለው ጭነት የሚበልጠው በ12 በመቶ ብቻ ነው! ብዙዎቻችን የስንጥቁን አግድም ስፋት ብቻ ለክተን እናሰላለን። በዚያ ከሄድን 19 በመቶ ይመጣል። ማለትም ቁሱ የሌለውን ጥንካሬ እንሰጠዋለን።

ስንጥቁ ወደ ጉተታው አቅጣጫ እየቀረበ ሲመጣ ግን ይህ ስሌት ብቻውን አይበቃም። ዊሊያምስና ኢዊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳዩት፣ በስንጥቁ ርዝመት በኩል ያለውን ውጥረትም መጨመር ያስፈልጋል።

እዚህ ሁለተኛ ቁራጭ አለ። አልተሰበረም። ስንጥቁ ከጉተታው ጋር 30 ዲግሪ ነው። እየተቀባበላችሁ እዩት፤ ጫፉን በጥፍራችሁ ዳስሱት። ከዚያ ወዴት እንደሚታጠፍ ወረቀት ላይ አስምሩና ስማችሁን ጻፉበት። ከሻይ በኋላ ማሽኑ ላይ እናስረዋለን።