የአባቴ ታንኳ

ታላላቆቼ፣ ታናናሾቼ፣ የባሕር ዳር ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

«ጽፈህ ምን አገኘህ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ገንዘብ ማለቱ ነው። ገንዘብ አላገኘሁም። ያገኘሁት አባቴን ነው።

አባቴ ጣና ላይ ዓሣ እያሰገረ ነው ያሳደገን። ሲሞት 22 ዓመቴ ነበር። ለቅሶው ላይ እንባ እምቢ አለኝ። ድንኳኑ ተነሳ፣ ዘመድ ተበተነ፣ እኔ እንደ ደረቅሁ ቀረሁ።

ከስምንት ዓመት በኋላ አንድ ማታ ደብተር አወጣሁ። «አባቴ ጥሩ ሰው ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። ጥሩ ሰው ስንት አለ! «አባቴ ታንኳውን ራሱ ያስር ነበር» አልኩ። ይሄ ይሻላል። ግን እንዴት ነበር የሚያስረው? ብዕሬ ቆመ። ጣና 37 ደሴቶች እንዳሉት ተማሪ ቤት ሸምድጃለሁ። የአባቴን እጅ ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድኩ። አንድ አዛውንት ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ሲያስሩ አገኘሁ። ነዶውን በጉልበታቸው ተጭነው፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ይስባሉ። አንገታቸው ላይ ደም ሥሩ ይገተራል። ያቺ የአባቴ የተሸረፈች የፊት ጥርስ ትዝ አለችኝ። «ለካ በዚህ ነው!» አልኩ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ያን ማታ ባልጽፍ ኖሮ ወደ ሐይቁ አልወርድም ነበር። ጽሑፍ ለእኔ መጀመሪያ የሰጠኝ ይሄንን ነው፤ ሄዶ ማየትን።

የጎጃም ቅኔ ቤት ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ተማሪው ብቻውን ወጥቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ቅኔ ቆጠራ ይሉታል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፤ አንዳንዴም ከሥሩ ያፈርሰዋል። ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ። የተባለ ቅኔ አይደገምማ! ስንቱ ቅኔ ብራና ሳይነካ ቀርቷል መሰላችሁ። ለተማሪው ግን ዓይኑ ይቀርለታል። ንብ ባየ፣ ጅረት ባየ ቁጥር ሰሙንና ወርቁን ይፈልጋል። እኔ ይሄ ትልቅ ሀብት ነው እላለሁ።

እናንተም እዚህ የመጣችሁ ወጣቶች፣ «ማን ያነብልኛል?» ብላችሁ አትቆዩ። የእናታችሁን ጀበና ጻፉ። እጀታዋ የት ጋ እንደተጠገነ ሄዳችሁ እዩ።

የአባቴን ጽሑፍ እስካሁን አላሳተምኩትም። ለእናቴ ግን አነበብኩላት። ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ ጥርሱ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ኧረ በገመድ አይደለም ልጄ! አንተ የተወለድክ ለታ ነው። ወንድ ልጅ ሲሉት ከሐይቁ ሲሮጥ መጥቶ ደጃፉ ላይ ወደቀ።»

ከሞተ ጀምሮ ስሙን አንስታ አታውቅም ነበር። ያን ሌሊት ዶሮ እስኪጮህ አወራችኝ።

አመሰግናለሁ።