ከፍሎሪዳ እስከ ፓናማ በሸራ ጀልባ፦ መጠለያውን አስቀድሙ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች! እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሀበሻ በሸራ ጀልባ ካሪቢያንን ሊያቋርጥ ነው ሲባል ዘመድ ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ። እኔ ልከራከርላችሁ አልመጣሁም። ከስጋታቸው ግማሹ ልክ ነው። የመጣሁት ስለ መንገዱ ላወራችሁ ነው። የምጠራቸው ወራት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ካርታ ስዘረጋ መጀመሪያ የማከብበው አየር ሲበላሽ የምንገባበትን ቦታ ነው። መድረሻው ቀስ ብሎ ይመጣል። ለምን እንዲህ እንደምል በአንድ መርከብ ታሪክ ላስረዳ።

በ1998 ኦክቶበር መጨረሻ ሚች የተባለው ሀሪኬን፣ ማለትም ብርቱ የባሕር አውሎ ነፋስ፣ ወደ ሆንዱራስ ባሕረ ሰላጤ እየተጠጋ ነበር። ፋንቶም የምትባል ባለ አራት ምሰሶ የሸራ መርከብ መንገደኞቿን ቤሊዝ ሲቲ አውርዳ ሠራተኞቿን ይዛ ወጣች። አሁን ካርታውን እዩት። በምዕራብ የቤሊዝ ረጅም የኮራል አጥር አለ። በደቡብ የሆንዱራስ የብስ ነው። ማዕበሉ የሚመጣው ከምሥራቅ ነው። ካፒቴኑ የሆንዱራስን ሮአታን ደሴት ከለላ ለማድረግ ከደሴቲቱ በስተደቡብ ሄደ። ሚች ግን ወደ ደቡብ ታጠፈ። መርከቧ ከ31 ሠራተኞቿ ጋር ጠፋች። ልምድ ያለው ካፒቴን ነበር፤ የመርከቧም ትልቅነት አላዳናትም። ያን ቀን ትክክለኛ ምርጫ ቀርቶለት ነበር ብዬ ለመናገር አልደፍርም። በዚያ ማዕዘን መሸሻው ያለቀው ቀደም ብሎ ነው።

ስለዚህ የሀሪኬን ወቅት፣ ማለትም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30፣ በዚያ አካባቢ የሚያገኛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ጓቲማላ ሪዮ ዱልሴ ወንዝ ውስጥ ግቡ። ወንዙ ወደ የብሱ ዘልቆ ስለሚገባ የባሕሩ ሞገድ አይከተላችሁም። ችግሩ በሩ ላይ ነው። ሊቪንግስተን በምትባለው ከተማ ያለው የወንዙ መግቢያ አሸዋ የሞላው ነው፤ ጥልቀቱ 2 ሜትር የማይሞላበት ጊዜ አለ። ጀልባችሁ ከውሃ በታች ረጅም ከሆነች የሠፈሩ ጀልበኞች ገንዘብ ተቀብለው፣ ከምሶሶዋ ጫፍ ገመድ ስበው፣ ወደ ጎን አጋድመው ያሳልፏታል። ሲያዩት ያስደነግጣል፤ እዚያ ግን የተለመደ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ፓናማ ነው፤ ሀሪኬን እምብዛም አይደርስበትም። በክረምቱ መብረቅ አያጣችሁም፣ ያው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው።

አሁን ወደ ጉዞው። ኖቬምበር ካለቀ በኋላ ከፍሎሪዳ ወደ ሜክሲኮዋ ደሴት ኢስላ ሙሄሬስ፣ ከዚያ ወደ ቤሊዝ ትወርዳላችሁ። በሜክሲኮ ዩካታን በኩል ወደ ሰሜን የሚፈሰው የባሕር ጅረት ኃይለኛ ነው፤ በሰዓታችሁ ላይ ጨምሩለት። በእነዚህ ወራት ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፣ ነዋሪዎቹ ኖርቴ ይሉታል። ከምሥራቅ ነፋስ ተከልላችሁ መልሕቅ የጣላችሁበት ቦታ በአንድ ሌሊት ለሰሜን ነፋስ ይጋለጣል። ትንበያው ኖርቴ ካለ በቀን ቦታ ቀይሩ።

ከቤሊዝ ወደ ሆንዱራስ ደሴቶች ወደ ሮአታንና ጓናሃ ቀላል ነው፣ አልቆይበትም። ከባዱ ከጓናሃ በኋላ ነው። በሆንዱራስና በኒካራጓ ድንበር ያለውን ግራሲያስ ኣ ዲዮስ የተባለ የየብስ ጫፍ ዞራችሁ እስከ ኮሎምቢያዋ ደሴት ፕሮቪደንሲያ ከ300 የባሕር ማይል በላይ ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ዙሪያው ጥልቀት የሌለው ባሕርና የኮራል አለት ነው። የታጠቁ ሰዎች በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ መጥተው መንገደኞችን የዘረፉበትም አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ማንንም ሳያይ ያልፋል፤ ቢሆንም ከዳርቻው ርቃችሁ፣ ሁለት ሦስት ጀልባ ሆናችሁ ሂዱ። ያላችሁበትን ቦታ በሬዲዮ ለዓለም አታውጁ። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ሌባ ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ ሰው እንጀራውን እየፈለገ ነው።

ይህን ጫፍ ለመዞር ኤፕሪልና ሜይ ይሻላሉ፤ በቀዝቃዛዎቹ ወራት የሚነፍሰው ብርቱ የምሥራቅ ነፋስ ጋብ ይላል። ጓናሃ ላይ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ካለባችሁ ጠብቁ። ከዚህ ቀን በፊት ፓናማ ደርሼ አውሮፕላን እይዛለሁ የሚል ሰው ካለ ከጀልባው ይውረድ። ቲኬት የቆረጠ ሰው ትንበያውን እንደፈለገው ነው የሚያነበው።

መጨረሻ ላይ ፓናማ ውስጥ የጉና ሕዝብ የሚያስተዳድራቸው የሳን ብላስ ደሴቶች አሉ። እዚያ ጂፒኤስ ብቻ አትመኑ፤ ካርታው ከኮራሉ ትክክለኛ ቦታ ሊዛነፍ ይችላል። ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት በኛ አቆጣጠር፣ ፀሐይ ከላይ ወይም ከኋላችሁ ስትሆን ግቡ። አንድ ሰው ከጀልባው ፊት ጫፍ ላይ ቆሞ የውሃውን ቀለም ያንብብ። ቡናማ ካየ ኮራል ነው፣ ጀልባውን አቁሙ። ከመሸ ውጭ እደሩ።

አሁን ካርታውን ጠረጴዛው ላይ እንዘርጋው። እስክርቢቶ ያላችሁ ቅረቡ፤ ከሪዮ ዱልሴ እንጀምራለን።