ፌዴሬሽን ምክር ቤት አምስተኛው ፍርድ ቤት አይደለም!

ሰላም የወሎ ልጆች! ደሴም ሁኑ ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ሁኑ መካነ ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ጥያቄ ተደጋገመ፦ «ሰበር ፈረደብኝ፤ አሁን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ልበል?» ኧረ ይግባኝ አይደለም! ደግሜ ልበለው፣ ይግባኝ አይደለም። ሰበር የፍርድ ቤቶች የመጨረሻው ችሎት ነው፤ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ሕገ መንግሥት የሚተረጉም ምክር ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።

እስቲ ባቲ ሰኞ ገበያ እንውረድ። ጤፍ ገዛችሁ። «ዋጋው በዛ፣ ገለባ አለው» ካላችሁ ጭቅጭቁ ከሻጩ ጋር ነው፤ ሽማግሌም ይዳኘዋል። «ሚዛኑ ራሱ ተነካክቷል» ካላችሁ ግን ሚዛን መርማሪ ይጠራል። መርማሪው ጤፉን አያበጥርም፣ ዋጋ አያስቀንስም፣ ማን ቀድሞ እንደሰደበም አይጠይቅም። የሚያየው ሚዛኑን ነው። ሚዛኑን ብቻ!

«ምስክሬ አልታመነልኝም» ማለት ጤፉ ነው። አብዛኛው አቤቱታ «የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልገውም» ተብሎ የሚመለሰው በዚህ ነው፤ ሰው የይግባኙን ማመልከቻ አርዕስቱን ቀይሮ ይልካል።

ሚዛኑስ? ሚዛኑ ተነካ ማለት ሕገ መንግሥቱ ተጣሰ ማለት ነው። በአዲስ አበባ በአንድ የውርስ ክርክር፣ ሴትዮዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልፈቀደችም፤ ተቃውሞዋን ግን ሰበር ድረስ የሰማት አልነበረም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ ያቆመዋል። ፌዴሬሽን ምክር ቤት በ2000 ዓ.ም ውሳኔዎቹን ሻረ። «ድርሻዬ አነሰ» ብትል ኖሮ ማንም አይሰማትም ነበር። ወሎ ላይ ይህን ጉዳይ ማወቅ ይጠቅማል።

አካሄዱን ቶሎ ልበል። አቤቱታው መጀመሪያ የሚገባው 11 አባላት ላሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ጉባኤው ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ይልካል፤ አያስፈልግም ካለ ለምክር ቤቱ ቅር መሰኘት ይቻላል። (የፖለቲካ ምክር ቤት ሕገ መንግሥት መተርጎሙ አይዋጥልኝም። ጀርመን ተራው ዜጋ በቀጥታ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያመለክታል። ይህ ለሌላ ቪዲዮ፤ ሰብስክራይብ!)

በአጣሪ ጉባኤው አዋጅ፣ በአዋጅ 798/2005፣ ማመልከት የምትችሉት የመጨረሻ ውሳኔ ስትይዙ ነው፤ የወረዳን ፍርድ ይዞ አዲስ አበባ መሮጥ ትርፉ የመኪና ኪራይ ነው። ማመልከቻው ላይ የተጣሰውን አንቀጽ በቁጥር፣ የጣሰውን ውሳኔ፣ እንዴት እንደጣሰው ጻፉ። ከታች እስከ ሰበር ያሉትን ውሳኔዎች ግልባጭ አያይዙ።

አቤቱታ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸም አያስቆምም። ቤቱ ሊሸጥ፣ መሬቱ ሊተላለፍ ከሆነ እግድ በግልጽ ጠይቁ፣ እዚያው ማመልከቻው ላይ።