ብሎን የሌለው ዕቃ

(አቃቂ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ ርዕሰ መምህርት፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ እናንተም ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ርዕሰ መምህሯ ሲደውሉልኝ የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ መስሎኝ የብየዳ ካውያዬን ፍለጋ ተነስቼ ነበር። «የለም፣ መጥተው ንግግር ያድርጉልን» አሉኝ። ሳቅሁ። እኔ ጠጋኝ ነኝ፤ ንግግር የሚያውቁት የምጠግናቸው ሬድዮኖች ናቸው። ባለቤቴ ደግሞ «ሳትጽፍ ከሄድክ እስከ ማታ አታቆምም» ስላለችኝ ይኸው ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ።

ሱቄን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ታፔላው «ሬድዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን ይጠገናል» ይላል። ከሥሩ «ዲሽ» በሌላ ቀለም ተጨምሯል። ከዚያ ሥር ደግሞ «ሞባይል»። አዲስ ታፔላ ማሠራት ገንዘብ ስለሚፈጅ ነው እንጂ ታሪክ ልጽፍ ብዬ አልነበረም። አሁን ሳየው ግን የዚህ ሰፈር ሰው ምን እየገዛ፣ ምን እያየ እንደኖረ ከላይ ወደ ታች ተጽፎበታል።

ሁለት ዕቃ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ይህ ሬድዮ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል። የአንድ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ የጅቡቲው ባቡር አቃቂ ጣቢያ ላይ በሚያፏጭበት ዘመን ማለት ነው። ልጆቻቸው ለጥገና አምጥተውት በዚያው ቀሩ። እዩት፣ ከኋላው 4 ብሎን አለው። ፈታሁት። ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት አያችሁት? የሬድዮው የውስጥ መስመር ሥዕል ነው። የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አንድ ሳይቀር አለበት። ፋብሪካው ባሕር ማዶ ሆኖ፣ አይቶኝ ለማያውቀው ለእኔ፣ «ሲበላሽ በዚህ በኩል ግባ» ብሎ ላከልኝ። አክብሮኛል ማለት ነው።

ሁለተኛው ይህ ስልክ ነው። አገላብጡት፤ ብሎን የለውም። ለመክፈት መጀመሪያ ሙጫው እስኪላላ በሙቅ አየር አሞቀዋለሁ። ከዚያ ትንፋሼን ይዤ ጫፉን በቀጭን ፕላስቲክ እፈለቅቃለሁ። መስታወቱ ከተሰነጠቀ ባለቤቱ አይለቀኝም። ባትሪው ጋ ስደርስ እሱም ተጣብቋል። ባትሪ እኮ ነው! ማለቁ የማይቀር ነገር። የእጅ ባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ የእጅ ባትሪውን የሚጥል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አምራቾቹ «ቀጭን እንዲሆን ነው፤ ውሃ እንዳይገባው ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ክረምት ላይ ስልኩን አቃቂ ጭቃ ውስጥ የጣለ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። ለሌላው ግማሽ ግን የአምፖል ወሬ ላውራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1924 መጨረሻ ላይ ትልልቅ የአምፖል አምራቾች፣ ኦስራምና ፊሊፕስ ያሉበት፣ ጄኔቫ ላይ ተስማሙ። ስምምነቱ ፌቡስ ይባላል። ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ የአንድ አምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት እንዲሆን ነው። ከዚያ በፊት 1,500፣ 2,000 ሰዓት የሚበራ ነበረ። አምፖሉ ከተወሰነው በላይ የበራ ፋብሪካ ይቀጣ ነበር። ልብ በሉ፤ የሚቀጣው ጥሩ ስለሠራ ነው። የተማሩ መሐንዲሶች ቁጭ ብለው ዕድሜ ማሳጠሪያ ሲፈልጉ ዋሉ። ስምምነቱን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አፈረሰው። ሐሳቡ ግን አልፈረሰም።

እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አፕል ባትሪያቸው ያረጁ አይፎኖችን በሶፍትዌር እንደሚያዘገይ አመነ። ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ብዬ ነው አለ። እንደ ጠጋኝ ስናገር ይህ ውሸት አይደለም፤ ያረጀ ባትሪ ስልክ ያጠፋል። ጥፋቱ ለሰው አለመናገሩ ነው። ሰውየው ስልኩ ያለቀለት መስሎት አዲስ ይገዛል፤ ባትሪ ቢቀይር ይበቃው ነበር። በ2020 ፈረንሳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ክሱን ለመዝጋት እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እኔ ሱቅ ስልኩ የተንቀራፈፈበት ሰው ግን አንድ ሳንቲም አላየም።

እኔም አልቀረልኝም። ሁለት ዓመት ያልሞላው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ቤቴ ጠፋብኝ። ጠጋኝ ስለሆንኩ አፈርኩ መሰለኝ፣ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ልጁ ሳይከፍተው «ቦርዱ አይገኝም፣ አዲስ ይሻልዎታል» አለኝ። ቤት ወስጄ ስከፍተው ያበጠ አንድ ኮንደንሰር የሚባል ትንሽ ክፍል አገኘሁ። ይህን የምታክል ነገር። ከሌላ የሞተ ቴሌቪዥን ነቅዬ ገጠምኩ፤ ዛሬም ድረስ ይሠራል። ይህን ያወራሁት ልጎርር አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ልጎርር ነው። ግን መክፈት የማይችለው ሰው ያንን ቴሌቪዥን ጥሎት ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ልጆች። ሙጫው ስልኩ ጀርባ ላይ ብቻ አይደለም።

ጋዜጣ ያልቃል። የሬድዮ ትረካ ሰዓቱ ሲደርስ «ሳምንት ያገናኘን» ብሎ ይሰናበታል። ቴሌቪዥን እዚህ አገር በ1957 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ለብዙ ዘመን ማታ ማታ መዝሙር አሰምቶ ይተኛ ነበር፤ ሕዝቡም አብሮ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ፣ ገጹ ሳያልቅ ወደ ታች ብቻ የሚወርድበትን ዘዴ ሠራ። በኋላ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቷል። ይሁንና ፌስቡክ ላይ ጣታችሁ ወደ ታች ሲንሸራተት የምትነኩት ያንን ዘዴ ነው። ማለቂያውን አወጡት። ሬድዮው ላይ የነበረውን ብሎን እንዳወጡት ማለት ነው፤ መውጫም መግቢያም የለውም።

የኔትፍሊክስ አለቃ የነበረው ሪድ ሄስቲንግስ እ.ኤ.አ. በ2017 የምንወዳደረው ከእንቅልፍ ጋር ነው ብሎ ነበር። እኛ ቤት እንቅልፍ ተሸንፏል። የእህቴ ልጅ የሌሊት ጥቅል ይረክሳል ብሎ ሌሊቱን ቁጭ ነው። ሁለት ብር ለማትረፍ ሌሊት ይከፍላል። ጠዋት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን መምህራን ታውቃላችሁ።

ስልክ አጥፉ እያልኩ አይደለም። የሞባይል ጥገና የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው፤ አንድ ሕንዳዊ ጠጋኝ በማላውቀው ቋንቋ ሲያስረዳ እጁን እጁን እያየሁ። እግዜር ይስጠው። ብቻ ነጻ ነው አትበሉኝ። እዚህ ሰፈር ቡና በነጻ የሚያጠጣ ቤት ቢከፈት፣ እናቶቻችሁ መጀመሪያ የሚሉት «ታዲያ ይኼ ሰውዬ ከምን ይበላል?» ነው። እነዚህ ድርጅቶች የሚበሉት ከቆይታችሁ ነው። በቆያችሁ ቁጥር ማስታወቂያ ይሸጣሉ። ሰውን ለማቆየት ደግሞ እንደ ቁጣ የሚሆን የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን አሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ይህን ስታስረዳ ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች፤ አሠራሩ የብሔር ግጭት እያራገበ ነው ብላ። ከዚህ ሁሉ አገር የእኛ ስም መነሳቱ ያን ቀን ሆዴን በላው።

ስለ ቤቲንግ ብዙ አልናገርም። ባለቤቱ በትኬት ተበልቶ የጥገና መክፈያ ያጣበት ቴሌቪዥን ሱቄ ውስጥ ተቀምጧል። ኳስ ሊያይበት ነበር።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

ከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን። መሃል ከተማ የጣለው ወደ ታች ይወርዳል። የአቃቂ ወንዞች ከእንጦጦ በኩል ተነስተው፣ ከተማውን ሁሉ አቋርጠው፣ በእኛ በኩል ያልፋሉ። ከየቤቱ የወጣው ሬድዮና ስልክ ደግሞ በቆራሌው ትከሻ ይጓዛል። «ቆራሌው!» ሲል በር ከፍቶ ያልጠራው ማን አለ? ግማሹ ምናለሽ ተራ ይገባል፤ እዚያ ተፈትቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። «ሪሳይክል» የሚባለው ቃል አገራችን ሳይገባ እነሱ ሥራውን ሲሠሩት ኖረዋል። ልትስቁባቸው አይገባም፤ እኔ ለሬድዮው ቁልፍ ያገኘሁት እዚያ ነው።

ችግሩ ሻጭም ገዢም የሌለው ዕቃ ነው። ሽቦውን መዳብ ለማግኘት ወንዝ ዳር ያቃጥሉታል፤ ያንን ጥቁር ጭስ አይታችሁታል። ፕላስቲኩ ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል፤ መርዙን የሚተነፍሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ እኩያ ነው። የተረፈው ቆሻሻ ተራራ ላይ ይከመራል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው አልቋል። እነዚያ ሰዎች የሞቱት እኛ በጣልነው ሥር ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ያ ሆዱ ትልቅ የድሮ ቴሌቪዥን መስታወቱ ውስጥ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት አለ፤ ጨረር እንዳይወጣ ተብሎ የተደረገ፣ በአንዱ ቴሌቪዥን ከ1 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ ወደ ጠፍጣፋው ሲዞር አሮጌው እኔ ጋ ተከማቸ። ቦታ ጠበበኝ። ጠቃሚውን ነቅዬ መስታወቱን ከሱቄ ጀርባ ቦዩ አጠገብ ስሰብረው ኖርኩ። ስንት ዓመት? ወደ 10 ዓመት። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይወስደዋል፤ «ጸዳልኝ» እላለሁ። ወዴት እንደወሰደው አልጠየቅኩም። ማንም አልከሰሰኝም። ጎረቤቴም አመስግኖኛል፤ ጀርባው ንጹሕ ነው ብሎ።

የወሰደው ወደ አቃቂ ወንዝ ነው። ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ። አገራችን የመጀመሪያውን የውሃ ኃይል ማመንጫ የሠራችው በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። አዲስ አበባን በመብራት ያንቆጠቆጠ ውሃ ዛሬ እንቦጭ ተሸክሟል። ከወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ጠዋት በጭነት ተነስቶ መሃል ከተማ ገበያ ይገባል። አዲስ አበባ ከምትጠጣውም ውሃ ከፊሉ የሚቀዳው ከአቃቂ ከርሰ ምድር ነው። ስለዚህ የመሃል ከተማ ሰው ወደ እኛ የላከው ዕቃ ዞሮ ዞሮ በሳህንና በብርጭቆ ይመለስለታል። ለእኛማ ቀድሞ ደርሶናል።

እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም በአንድ ዓመት የጣለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ነው። በወጉ ተሰብስቦ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡን እንኳ አይሞላም። እዚህ አገርም ሕግ አልጠፋም። በ2018፣ አሁንም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጥቷል። የኮምፒውተርና የኤሌክትሮኒክስ ማፍረሻ ማዕከልም እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ተቋቁሟል። ግን የእኔ መስታወት በእግሩ እዚያ አይሄድም። ያልሄደው በእኔ ነው።

ደስ ያለኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ የእጅ መገልገያ ዕቃዎች ባትሪ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ ሊቀይረው የሚችል እንዲሆን ሕግ አውጥቷል። ለአንዳንድ ዕቃ የተለየ ፈቃድ አለበት፤ ድርድሩም ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ብሎኑ እየተመለሰ ነው። አዲሱን ስልክ እነሱ ይገዙታል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያገለገለው እኛ ጋ ይመጣል። ያኔ የሚከፍተው እጅ ከአሁኑ መልመድ አለበት።

ለዚህ ከርዕሰ መምህሯ ጋር ተስማምተናል። በሩ አጠገብ ካርቶን አስቀምጫለሁ። መሳቢያ ውስጥ የሞተ ስልክ የሌለው ቤት የለም፤ አምጡት። ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጡ፤ የእናንተን ፎቶ ማየት አልፈልግም። የሚነሳውን እናነሳዋለን፣ የማይነሳውን ለመለዋወጫ እንፈታዋለን፣ የተረፈውን እኔ ራሴ ማፍረሻው ድረስ አደርሳለሁ። ባትሪው ያበጠ ስልክ ግን ካርቶኑ ውስጥ አትክተቱ። አትውጉት፣ ፀሐይም ላይ አታስቀምጡት፤ ይነድዳል። ለእሱ አሸዋ ያለበት ጣሳ ለብቻ አለ፣ ቀዩ።

ሥራው ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ሱቄ ነው። ወላጆችም መምጣት ትችላላችሁ። ያለኝ ካውያ 3 ብቻ ስለሆነ በተራ ነው የምንሠራው። ሴቶቹ ልጆች ቀድመው ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ባለፈው የሰበሰብኳቸው ወንዶች ብሎን ጥለውብኝ ግማሽ ቀን መሬት ስንዳብስ ዋልን።